የቃል ኀይልና የጸሎት ፍሬ በመስቀል አደባባይ

በአዲስ አበባ ከተማ፥ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው በመስቀል አደባባይ፥ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል። ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ይዘምራሉ፤ ደመራው ከተባረከ በኋላ እሳት ይለኰሳል፤ ሕዝቡም ጢሱ ወዴት እንዳዘነበለ፥ ምሰሶው ወዴት እንደ ወደቀ ነቅቶ ይመለከታል። ይህ ሥርዓት የንግሥት እሌኒን ጸሎት ለማስታወስ የተሠራ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ዳሩ ግን ሥርዓቱን የሚያይ ሁሉ ምሥጢሩን ያስተውላል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ጸሎትን፥ የወደደውን ነገር ከእግዚአብሔር እጅ የሚያወጣበት መሣሪያ አድርጎ ይቈጥረዋል። የመስቀሉ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ የተናገረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፥ ጸሎትም ለተናገረው የሚሰጥ የሰው መልስ እንደ ሆነ፥ መልሱም በአፍ ተጀምሮ በእጅ ድካም እንደሚፈጸም ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ፥ አብን በልብ፥ ወልድን በቃል፥ መንፈስ ቅዱስን በእስትንፋስ ይመስላሉ። ቃል ከልብ ሲወለድ ከልብ አይለይም፤ ልብም ቃልን ስለ ወለደ አይጐድልም። በልብ የተሰወረውንም ያለ ቃል ሊያውቀው የሚችል የለም። ዓለም የተፈጠረ በዚህ ቃል ነው፤ ይህም አካላዊ ቃል በተለየ አካሉ ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ሰው ሆነ። የሰውም ነፍስ በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረች ስለ ሆነች ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ትባላለች። እንግዲህ ጸሎት ማለት ልብና ቃል እስትንፋስም ተባብረው ወደ ፈጣሪያቸው ሲመለሱ ነው። ልብ የሌለበት ቃል ጩኸት ብቻ ነውና፥ የጸሎት ኀይል በድምፅ ብዛት አይለካም።

ይህን ትምህርት ለማጽናት ትልቅ ተጋድሎ ሆኗል። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ብሎ ባስተማረ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው፥ ወልድ በባሕርዩ ከአብ ጋራ አንድ መሆኑን መሰከሩ። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ቃል ፍጡር ከሆነ በእርሱ ስም የሚጸልይ ሁሉ ተስፋውን በፍጡር ላይ ያደርጋልና። ጉባኤውን የሰበሰበው ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ነበረ፤ እናቱ እሌኒም ጉባኤው ከተፈጸመ ብዙ ሳይቈይ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ የንግሥቲቱን ጉዞ ጽፎአል። ቅዱስ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም በአራተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ባስተማረው ትምህርት፥ የመስቀሉ ዕፅ በዓለም ሁሉ መከፈሉን ይመሰክራል። መስቀሉን ያገኘች እሌኒ መሆንዋንም በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ቅዱስ አምብሮስዮስ ተናግሮአል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ በትውፊት የሚነገረው ደግሞ እንዲህ ነው። ጎልጎታ ጉድፍና ጥራጊ ተጥሎበት ኮረብታ ሆኖ ነበርና፥ ንግሥቲቱ ቦታውን የሚያሳያት አጣች። ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ በነገራት ምክር ዕንጨት አስደምራ ዕጣን ጨምራ ጸለየች፤ ጢሱም ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መስቀሉ ወዳለበት ስፍራ ሰገደ።

በዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ዕጣን የጸሎት ምሳሌ ነው፤ ወደ ላይ ማረጉም የታወቀ ነው። የእሌኒ ዕጣን ግን በሰማይ አልቀረም፤ ወደ ምድር ተመልሶ የሚቈፈረውን ስፍራ አመለከተ። ቁፋሮው የተጀመረው መስከረም 17 ቀን ነው፤ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ቀን ነው። ይህም ቢቈጠር 173 ቀን ይሆናል። ጢሱን ያሰገደ አምላክ ኮረብታውን በአንዲት ሌሊት ሊያነሣው ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን ቦታውን አሳየ እንጂ አፈሩን አላነሣም። ንግሥቲቱም ጸሎቴ ተሰማ ብላ አልተቀመጠችም፤ አስቈፈረች። እንግዲያስ የዚያች ጸሎት ኀይል የታየው ጢሱ በሰገደበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ጢሱ ከጠፋ በኋላ በቀሩት ወራት ድካም ጭምር ነው።

የእሌኒ የልጅ ልጅ ቈንስጣንዮስ በነገሠ ጊዜ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ። ለኢትዮጵያ ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛናም ደብዳቤ ጽፎ፥ ቅዱስ አትናቴዎስ የሾመው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክ ሲል ጠየቀ። ፍሬምናጦስ በኢትዮጵያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች፤ ኢዛና በገንዘቡ ላይ የጨረቃውን ምልክት ትቶ መስቀል አስቀረጸ፤ በግሪክ ቋንቋ ባስጻፈውም ድንጋይ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን አስታወቀ። ስለዚህ የእሌኒ በዓል ዛሬ በአዲስ አበባ ሲከበር፥ የልጅ ልጅዋ ሊያናውጣት የሞከራት ሃይማኖት ጸንታ መኖርዋ አብሮ ይታሰባል።

ቃልን ሰምቶ መድከም ከእሌኒ በኋላ በኢትዮጵያም ታይቶአል። ዐፄ ዳዊት ከግማደ መስቀሉ ክፍል እንዲሰጣቸው ለምነው እንዳገኙ በትውፊት ይነገራል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩ በራእይ ታዘዙ። ትእዛዙ ስፍራውን በስም አልገለጸም፤ ንጉሡም ተራራ ከተራራ ሲያስፈልጉ ኖረው፥ በአምባሰል የመስቀል ቅርጽ ያለውን የግሸንን አምባ አገኙ። መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ የሚሰበሰበው ምእመን ያን አቀበት በእግሩ ሲወጣ የንጉሡን ድካም ይካፈላል።

የሰው ቃልም ኀይል አለው፤ ይህንም ያው መስቀል አደባባይ መስክሮአል። መስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ የስፍራው ስም ተለውጦ አብዮት አደባባይ ተባለ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበር ኰሎኔል መንግሥቱ ኀይለ ማርያም በዚያ ቆመው ቀይ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየሰበሩ በተቃዋሚዎቻቸው ላይ ዛቱ። የዛቻው ቃል ደም ሆነ፤ በቀይ ሽብር ብዙ ወጣት አለቀ። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው፥ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በ2002 ዓ.ም. በአደባባዩ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፤ የሟቾች ሥዕልና ዐጽም በዚያ ይታያል። አጥቢያው የቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ እስጢፋኖስም ስለ መሰከረው ቃል በድንጋይ ሲወገር ስለ ወጋሪዎቹ የጸለየ ቀዳሜ ሰማዕት ነው። እንግዲህ በዚያ ሰፈር ሁለት ቃል ተሰምቶአል፤ አንዱ ለመግደል የተጮኸ ነው፤ ሁለተኛው በሞት አፋፍ ለገዳይ ይቅርታን የለመነ ነው። ያለፈው ትውልድ የትኛው ቃል ጸንቶ እንደሚኖር አይቶ ፈርዶአል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አደባባዩ የቀድሞ ስሙን አገኘ። በ2006 ዓ.ም. የመስቀል በዓል በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አደባባዩ እንደ ገና ተሠርቶ፥ ከመሬቱ በታች የመኪና ማቆሚያ ተበጀለት። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የስም መመለስም፥ የአደባባይ ማማርም፥ የመዝገብ ክብርም የጸሎት ፍሬ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በከተማው ውስጥ ገና ያልተነሣ ኮረብታ አለ፤ የተጣላ ወንድም፥ የተረሳ ድኻ፥ ሳይታረቅ የቀረ ቂም በየቤቱ ተቀብሮአል።

ደመራው ነድዶ ካለቀ በኋላ ምእመናን አመዱን ወስደው በግምባራቸው መስቀል ያደርጉበታል። አመዱ በማግስቱ ይታጠባል፤ በማግስቱም መስከረም 17 ነው። ይህም ቀን እሌኒ መቈፈር የጀመረችበት ነውና፥ በዓሉን በሚገባ ያከበረ ሰው ጢሱ ያመለከተውን ስፍራ አይቶ ዶማውን ያንሣ።