አያት ሲሞት ቃኘውም አብሮ እንዳይቀበር

በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳ ላይ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ቆሞ ይታያል። ልጆቹ «ኮሪያ የዘመተው አባታችን ነው» ይላሉ። የልጅ ልጆቹ ግን በስንተኛው ሻለቃ፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ማዕረግ እንደዘመተ ቢጠየቁ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በኮሎኔል ከበደ ገብሬ አዛዥነት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ቡሳን ገባ። ስሙ የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ አባት ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከ«አባ ቃኘው» ነው። ከክብር ዘበኛ የተመረጡት ዘማቾች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፉ። ተራ በተራ እየተተኩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያን ረገጡ። ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆሞ ምርኮኛ ሲለዋወጡ፣ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ምርኮኛ አልነበረም። ዶንግዱቾን ላይም ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ረድተዋል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ታሪክ በየቤቱ እንዴት ደበዘዘ? መልሱ ፖለቲካ ነው። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተነሣው ከክብር ዘበኛ ነበርና፣ ሲከሽፍ ብዙ የኮሪያ ዘማቾች የነበሩበት ጦር ተበተነ። ከ1967 በኋላ ደግሞ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ለደቡብ ኮሪያ መዋጋት የሚኮሩበት ሳይሆን የሚደብቁት ነገር ሆነ። ዝም ያለ አባት ዝም ያለ ልጅ አሳደገ።

ከውጭ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ኮሪያውያን ቹንቾን ላይ ሐውልት አቁመዋል፤ በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። የቃኘውን የሌሊት ቅኝቶች በዝርዝር ከጻፉት አንዱ አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ ኤል ኤ ማርሻል ነው። ባዕድ የመዘገበውን ቤተሰብ ካላወቀው፣ ሀብቱ የማን ሆነ?

አዲስ አበባ አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ አለ። መልካም ነው። ሐውልት ግን የአንድን ሰው ሕይወት አይተርክም። እሱ የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከፎቶው ጀርባ ስም፣ ማዕረግ፣ ሻለቃና ዓመት በእርሳስ መጻፍ። ሜዳሊያውን ለገበያ አለማውጣት። ደብዳቤና የምስክር ወረቀቱን በስልክ አንስቶ ለወንድም ለእህት ማዳረስ። በሕይወት ያሉ አዛውንት ካሉ ድምፃቸውን ዛሬውኑ መቅዳት፤ በ1943 ሃያ ዓመት የሆነው ወጣት ዛሬ ዘጠና አልፎታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አያትን ለማክበር ሲባል ያልዋለበትን ማዋል አያስፈልግም። ምግብ ያበሰለው፣ መኪና የነዳው፣ ቁስለኛ የተሸከመውም ዘማች ነው። አንዴ የተጋነነ ታሪክ ከተያዘ እውነተኛውንም ያስጠረጥራል። ሰውየው የሆነውን ብቻ መጻፍ ይበቃል።

ዘማቹ አደራውን ተወጥቶ ተመልሷል። የቀረው የወራሾቹ ድርሻ ነው።