የኅሊና እምቢታ፦ ወለተ ጴጥሮስና ዘመኗ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ ተጽፎ አያልቅም። ንጉሥ ያወጀውን የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ይመዘግበዋል፤ አዋጁን በልባቸው መዝነው «አይሆንም» ያሉትን ግን ከሞት የሚያተርፋቸው አብዛኛውን ጊዜ የአገሬው ትውስታ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የኖረችው ወለተ ጴጥሮስ ከእነዚህ አንዷ ናት።

አስቀድመን አገሩን እንይ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ከላስታ ተራሮችና ከጣና ሐይቅ መካከል ነው። የዜማ አገር ነው፤ በጋይንት፣ በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ደግሞ ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል። ከእስቴ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደራ የወረደ መንገደኛ በጣና ዳር ቆራጣን ያገኛል፤ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም በዚያ ነው። እንዲህ ባለ አገር የሃይማኖት አዋጅ የመኳንንት ክርክር ሆኖ አይቀርም፤ የጾሙን፣ የጥምቀቱንና የዜማውን ሥርዓት ሁሉ ይነካል።

ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በ1614 ዓ.ም. በይፋ ገለጹ። በ1618 ዓ.ም. የካቲት ወርም በፓትርያርኩ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ፓፓ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ የቅዳሜ ሰንበት እንዲሻር ታዘዘ። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1609 ዓ.ም.፣ ለውጡን የተቃወሙት ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦር ሜዳ ተገድለዋል።

ወለተ ጴጥሮስ ከታላላቆች ወገን ተወልዳ የንጉሡ አማካሪ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች ሁሉ በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ትዳሯን ትታ መጀመሪያ በኮበለለች ጊዜ ባሏ የተጠለለችበትን ከተማ ማጥፋት ስለ ጀመረ፣ ሌላው በእርሷ ሰበብ እንዳይጎዳ ተመለሰች። በአቡነ ስምዖን መገደል የባሏ እጅ እንዳለበት ስትሰማ ግን ሀብቱንና ክብሩን ጥላ፣ በ25 ዓመቷ መነኮሰች። የመጀመሪያው መመለስና የኋለኛው መለየት ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸው፤ በራሷ ላይ መከራን ትቀበላለች፣ በሌላው ደም ግን ተካፋይ አትሆንም።

ንጉሡን በአደባባይ በመንቀፏ ለፍርድ ቀረበች። ከሞት ያዳናት የዚያው የመልክአ ክርስቶስ ምልጃ ነበር፤ እንግዲህ ይህን ሰው ጨካኝ ብቻ አድርጎ የሚሥል ተውኔት ጸሐፊ ይሳሳታል። ሜንዴዝ በየሳምንቱ እየጠየቀ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ከዚያ በኋላ ዠበይ ወደ ተባለው የምዕራብ ቆላ ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች። እዚያም የተሰደዱ ሰዎች ወደ እርሷ ተሰበሰቡ፤ ከስደት ማኅበር ተወለደ። ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር በዕድሜዋ ሰባት ማኅበራትን አቋቁማ መራች።

ገድሏን ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በግዕዝ ጻፈው። ገድል ቅድስናን ሊመሰክር እንጂ ሁለቱን ወገን ሊዳኝ አይጻፍምና፣ የዘመኑን ሙሉ ሥዕል የሚሻ አንባቢ ወደ ሌላውም ወገን መመልከት ይገባዋል።

በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ጦር የላስታን ዐመፀኞች ድል አደረገ። ሚሲዮናውያኑ እንደ ጻፉት 8,000 ያህል ሰው አለቀ። በሜዳው የወደቀው ባዕድ ጠላት አልነበረም፤ የንጉሡ የራሳቸው ሕዝብ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ድል ባደረጉበት በዚያው ሰኔ ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እርሳቸው ግን በተቀበሉት እምነት ጸንተው እንደ ሞቱ ሚሲዮናውያኑ ይናገራሉ። ለራስ ያመኑበትን ይዞ ሕዝብን ከግዳጅ መፍታት፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የኅሊና ሥራ ነው። የሚያሳዝነው በፋሲል ዘመን ደግሞ አሳዳጅና ተሳዳጅ ቦታ መለዋወጣቸው ነው፤ ካቶሊክ ሆነው የቀሩት በተራቸው ተሰደዱ፣ የተገደሉም ነበሩ።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የአንዱን ወገን ድል አይደለም። ኅሊና የአሸናፊም የተሸናፊም ርስት አይደለችም፤ በግዳጅ ፊት የሚቆም ሰው ሁሉ ገንዘብ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ አረፈች። ከሰባት ዓመት በኋላ ዐፄ ፋሲል ለመታሰቢያዋ ገዳም በቆራጣ መሬት ሰጡ። ያ ስፍራ ከንጉሥ ቅጣት የሸሸ ሰው የሚማፀንበት ደብር ሆነ። ሐውልት ሊቆምላት ይቻል ነበር፤ የቆመላት ግን መጠጊያ ነው። በንጉሥ ቁጣ የተሰደደች ሴት ስም ከንጉሥ ቁጣ ለሚሸሽ ሰው ከለላ ሆነ። የአንድ ሰው እምቢታ ለሌላው በር ካልከፈተ ግትርነት ሆኖ ይቀራል፤ የእርሷ እምቢታ ግን በር ከፍቷል።