የሚያፈስ ማጠራቀሚያና ያልተለመደ መለኪያ፦ የሴት ውሾች የሽንት መፍሰስ ሕክምና ታሪክ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን አጥር ጥቂት ወጣ ብዬ ስለ አንድ የምርምር ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ አንዳንዱን አንባቢ ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ርእሱ ሴት ውሾች ሽንታቸውን መቆጣጠር ሲሳናቸው ስለሚደርስባቸው ችግርና የእንስሳት ሐኪሞች ምክንያቱን ስላገኙበት መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ቀረብ ብሎ የመረመረ መሐንዲስ ከማያውቀው አገር የገባ አይመስለውም። ፊኛ ማጠራቀሚያ ነው፤ የሽንት መውጫው ቱቦ ማስተላለፊያ ነው፤ በቱቦው ዙሪያ ያለው ጡንቻም መዝጊያ ነው። የሚያፈስ ነገር ሲያጋጥመን የምናነሣው ጥያቄ በዚህም ቦታ ያው ነው፤ ግፊቱ በዝቷል ወይስ መዝጊያው ላልቷል? የእንስሳት ሕክምና ጥያቄውን በመለኪያ ለመመለስ የተነሣው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ መልሱን ካገኘ በኋላም መለኪያውን ከዕለት ሥራው ውጭ አስቀርቶታል። ታሪኩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ በሽታው እንዴት እንደታየ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ ውሻ ከደጅ የሚያድር ዘበኛ በመሆኑ ሽንቱ የት እንደ ፈሰሰ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም፤ ሴት ውሻን በቀዶ ሕክምና ማምከንም የተለመደ አይደለም። በብሪታንያና በአሜሪካ ግን በሃያኛው ምእተ ዓመት ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሄዱ። አንደኛ፣ ውሻ ከግቢ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎንም ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሁለተኛ፣ የሴት ውሾችን እንቁላል አፍላቂ ዕጢዎች ብቻ ወይም ከነማሕፀኑ ማውጣት ተራ ቀዶ ሕክምና ሆነ። የመጀመሪያው ሁኔታ በሽታውን እንዲታይ አደረገው፤ ሁለተኛው፣ በኋላ እንደ ተረጋገጠው፣ እንዲበዛ አደረገው።

ምልክቱ ልዩ ነው። ውሻዪቱ ነቅታ ስትሄድና ስትጫወት ደኅና ናት፤ በደጅም እንደ ወትሮዋ ትሸናለች። ተኝታ ስትነሣ ግን የተኛችበት ቦታ ርሶ ይገኛል። ሽንቱን አስባ የሸናችው አይደለም፤ መፍሰሱንም ላታውቀው ትችላለች። ይህን ያልተረዱ ባለቤቶች ውሻዪቱን እንደ ባለጌ ቆጥረው ይቀጧት ነበር። ከቅጣቱም የሚከፋ ነገር ነበር። ምንጣፍና ፍራሽ በየዕለቱ ማጠብ የሰለቸው ቤተሰብ ሌላ ሕመም የሌለባትን እንስሳ ወደ ሐኪም ወስዶ በመርፌ እንድትገደል መጠየቁ እንግዳ አልነበረም፤ ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። እንግዲህ የምርመራው ትክክለኛነት ለውሻዪቱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ሐኪሞቹ አስቀድመው የያዙት ፍንጭ ሆርሞን ነበር። ዕጢዎቹ የወጡላት ውሻ ሽንቷ የሚያመልጣት ከሆነ የጎደላት ኤስትሮጅን ይሆናል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ አይደለም። በ1938 ቻርልስ ዶድስና የሥራ ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር ስቲልቤስትሮል የተባለውን ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን አስታወቁ። መድኃኒቱ በአፍ የሚወሰድና በርካሽ የሚሠራ ሲሆን የባለቤትነት መብትም አልተያዘበትም። ስለዚህ በብዙ ፋብሪካዎች ተመርቶ በዓለም ተሠራጨ፤ ከሰው ሕክምና አልፎም ለውሾች ተሰጠ። ብዙዎቹ ውሾች ደረቁ። ለምን እንደ ደረቁ ግን በወቅቱ በቁጥር ሊያሳይ የሚችል ሰው አልነበረም። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የአጥንት መቅኔን የሚያዳክም፣ ደም ማምረትን የሚያቋርጥና የሚገድል መሆኑ ታወቀ።

በ1971 ከቦስተን የመጣው ዜና የመድኃኒቱን ስም ለወጠው። ሄርብስትና ሁለት ባልደረቦቻቸው ያልተለመደ የብልት ነቀርሳ የያዛቸውን ስምንት ወጣት ሴቶች መርምረው፣ የሰባቱ እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ስቲልቤስትሮል ወስደው እንደ ነበር ገለጹ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከሰው ሕክምና እየወጣ ሄደ፤ ለውሻ የሚፈልገው ሐኪምም በቀላሉ የማያገኘው ሆነ። የውሻ መድኃኒት ዕጣ ፈንታ በሰው መድኃኒት ገበያ ሲወሰን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን ወደ ፊት እናገኘዋለን።

አሁን ወደ መለኪያው እንመለስ። ግፊትን ከፊኛ ውስጥ የመለካት ሥራ አሮጌ ነው። የጣሊያኑ የፊዚዮሎጂ ሊቅ አንጀሎ ሞሶ ከፔላካኒ ጋር ሆነው በ1882 ባሳተሙት ጥናት የፊኛን ግፊት በሰውም በውሻም ላይ ለክተዋል። ዘዴው ሲሻሻል የተሻሻለው ግን ለሰው ነው። የስዊድኑ ሐኪም ጎራን ኤንሆርኒንግ በ1961 የፊኛውንና የመውጫውን ቱቦ ግፊት በአንድ ጊዜ በመለካት፣ ሽንት የሚያዘው የቱቦው ግፊት ከፊኛው ግፊት በልጦ እስከ ተገኘ ድረስ ብቻ መሆኑን አሳዩ። በ1969 ደግሞ ብራውንና ዊክሃም በብሪታንያ ቀላል ዘዴ አቀረቡ። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል፤ ፈሳሽ በዝግታና በእኩል መጠን ይለቀቅበታል፤ ከዚያ ቱቦው በተወሰነ ፍጥነት ወደ ውጭ ይሳባል። የመውጫው ግድግዳ ፈሳሹን የሚቃወምበት ኃይል በየሚሊሜትሩ በወረቀት ላይ ይመዘገባል። በዚህ መንገድ የመዝጊያው ጥንካሬ ከአንገቱ እስከ ጫፉ እንደ ኮረብታ መስመር ተስሎ ይታያል። ስለ ውኃ መሥመር የሚያውቅ ሰው ይህን ሥዕል ያለ አስተማሪ ያነበዋል።

ዘዴው በአሜሪካና በአውሮፓ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች በደንብ የገባው በ1980ዎቹ መግቢያ ነው። በ1882 ለመለኪያው መሠረት አካሏን ያበደረች ፍጡር ብድሯ እስኪመለስ አንድ ምእተ ዓመት ጠበቀች። ሪክተርና ሊንግ በ1985 ባወጡት ጥናት፣ መዝጊያቸው የላላ ውሾችን የቱቦ ግፊት ለክተው ፊኒልፕሮፓኖላሚን የተባለውን መድኃኒት ከሰጧቸው በኋላ ደግመው ለኩ። መድኃኒቱ በቱቦው ልሙጥ ጡንቻ ላይ ያሉትን ተቀባዮች በማነቃቃት ጡንቻውን ያጠብቃል፤ የተሻላቸው ውሾች የመዝጊያ ግፊትም ከፍ ብሎ ተገኘ። ኤስትሮጅንም የሚሠራው በከፊል እነዚሁ ተቀባዮች ለነርቩ ትእዛዝ ይበልጥ ንቁ እንዲሆኑ በማድረግ እንደ ሆነ ተረዱ። ለአርባ ዓመት ያህል በልማድ የተሰጠ መድኃኒት ምክንያት አገኘ።

ነገር ግን መለኪያው የራሱ ችግር ነበረበት። ነቅታ የምትንቀሳቀስ ውሻ ቱቦ አስገብተው ቢስቡባት ንባቡ ይዘበራረቃል። እንዳትንቀሳቀስ ዛይላዚን የተባለው ማፍዘዣ ቢሰጣት ደግሞ ማፍዘዣው ራሱ የመዝጊያውን ግፊት ያወርደዋል፤ ጤነኛዋ የታመመች ትመስላለች። ሊለካ የታሰበውን ነገር የሚለውጥ መለኪያ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። በዚህም ላይ የቱቦው ውፍረት፣ የፈሳሹ ፍጥነትና የውሻዪቱ አቀማመጥ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ይለያያል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎች የበሽታውን ባሕርይ ያስረዳው መሣሪያ ወደ ተራው ክሊኒክ ሳይገባ ቀረ።

በዚሁ ዘመን በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ፒተር ሆልት ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ መዝጊያው ስንት ኃይል አለው ሳይሆን የት ነው የተቀመጠው? በጤነኛ ውሻ የፊኛው አንገት በሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። ውሻዪቱ ስታስል ወይም ስትተኛ የሆድ ግፊት ቢጨምር፣ ግፊቱ ፊኛውን የሚጨምቀውን ያህል የቱቦውንም መነሻ ከውጭ ይጨምቃል፤ ሁለቱ ይጣጣማሉ። ከታማሚዎቹ በብዙዎቹ ግን አንገቱ ወደ ኋላ አፈግፍጎ በዳሌ አጥንቶች መካከል ገብቶ በራጅ ታየ። እዚያ የሆድ ግፊት በደንብ ስለማይደርሰው፣ ፊኛው ሲጨመቅ መዝጊያው ድጋፍ ያጣል። ሆልት በ1985 ያቀረቡት ቀዶ ሕክምና ከዚህ አስተሳሰብ የመነጨ ነው። የብልቷን ግድግዳ በሆዷ ግርጌ ካለው ጅማት ጋር በመስፋት የፊኛውን አንገት ወደ ፊት ስበው ወደ ሆድ ዕቃ መለሱት። በ1990 በ150 ውሾች ላይ ያገኙትን ሲገልጹ 53 ከመቶው ፈጽመው ድነዋል አሉ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። በኋላ በአሜሪካ የተደረገ ክትትል ይህን ያህል ደስ አያሰኝም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የደረቁት ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው እንደገና ማፍሰስ ጀምረዋል። ስፌት ቦታን ይመልሳል እንጂ የላላ ጡንቻን አያጠነክርም።

ስለ ብዛቱ የመጀመሪያው ጠንካራ ቁጥር ከዙሪክ መጣ። ሱዚ አርኖልድና ባልደረቦቻቸው በ1989 ባወጡት ጥናት ከመከኑ 412 ሴት ውሾች 83ቱ፣ ማለትም 20 ከመቶ ገደማ፣ ሽንት ያመልጣቸው ነበር። ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በታች ከሆኑት ዘጠኝ ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ 31 ከመቶ ያህል ነበሩ። ቦክሰር የተባለው ዝርያ ከሁሉም ይብስ ነበር። ከዚህ ጎን በእንግሊዝ አገር በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ይህም ከክሊኒኮች መዝገብ ከ100,000 የሚበልጡ ሴት ውሾችን ተመልክቶ በሽታው ያለባቸው 3 ከመቶ ያህል ናቸው ይላል። አንባቢ የቱን እንመን ሊል ይችላል። ሁለቱ የለኩት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የመከኑትን ብቻ ቆጠረ፤ የኋለኛው የመከኑትንም ያልመከኑትንም ደምሮ፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ የተጻፈውን ብቻ ቆጠረ። ባለቤቱ አፍሮ ያልተናገረው፣ ወይም እርጅና ነው ብሎ የተወው፣ በመዝገብ የለም። ትልልቅ ውሾች ይበልጥ እንደሚጠቁ ግን ሁለቱም ይስማማሉ። ቶሎ ማምከን ያብሳል አያብስም የሚለው ክርክር ብዙ ቆይቷል፤ ማስረጃው ጠንካራ አይደለም ተብሎ በ2012 ቢገመገምም፣ ከዚያ ወዲህ የወጣው ጥናት ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት ማምከን አደጋውን ከፍ እንደሚያደርግ ወደ መቀበል ያዘነብላል።

ነገሩ ሁሉ በመዝጊያው አልቋል እንዳይባል ዙሪኮች ሌላ ነገር ጨምረዋል። ዕጢዎቹ ሲወጡ ከአንጎል ሥር የሚመነጩት አዛዥ ሆርሞኖች እጅግ ከፍ ይላሉ። እነዚህን የሚያወርድ መድኃኒት በ2003 ቢሞክሩ አንዳንድ ውሾች ደረቁ፤ የመዝጊያው ግፊት ግን ከፍ አላለም። ለውጡ በፊኛው በኩል ነበር፤ ማጠራቀሚያው ይበልጥ ታጋሽ ሆነ። ከ1980ዎቹ የወረስነው ሥዕል ትክክል ቢሆንም ሙሉ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ፊኒልፕሮፓኖላሚንም የስቲልቤስትሮልን መንገድ ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር። መድኃኒቱ ለሰው በጉንፋንና በክብደት መቀነሻ ክኒኖች ውስጥ ይሸጥ ነበር። በየል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት በሴቶች ላይ የአንጎል ደም መፍሰስን እንደሚያስከትል ስላመለከተ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኅዳር 2000 ከሰው ገበያ እንዲወጣ ጠየቀ። ሐኪሞች ለውሻ የሚሆነውን ከየት እንደሚያገኙ ተጨነቁ። በ2011 ግን ያው መሥሪያ ቤት ፕሮይን የተባለውን የውሻ ክኒን ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ቶሎ ከሰውነት የሚወጣውና የመቅኔ አደጋው አነስተኛ የሆነው ኤስትሪዮል፣ ኢንኩሪን በሚል ስም፣ ተፈቀደ። ከሰባ ዓመታት በላይ የሰው ትርፍራፊ ሲወስድ የኖረው በሽታ በአሜሪካ በስሙ የተመዘገበ መድኃኒት ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ይህ መልካም ነገር አደጋም አለው። መለኪያው በክሊኒክ ስለሌለ ምርመራው የሚጠናቀቀው ክኒኑን ሰጥቶ በማየት ሆነ፤ ከደረቀች መዝጊያዋ ላልቶ ነበር ይባላል። ይህ አካሄድ ሊቀበሉት የሚቻለው ሌላው ሁሉ አስቀድሞ ሲመረመር ብቻ ነው። ብዙ ውኃ የምትጠጣ ውሻ የስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ሊኖርባት ይችላል፤ ማጠራቀሚያው ከአቅሙ በላይ ይሞላል እንጂ መዝጊያው አልተበላሸም። የፊኛ ቁስለትና ጠጠር ከሽንት ምርመራና ከራጅ ይታወቃሉ። ጀርባዋ የተጎዳ ውሻ ፊኛዋ ሞልቶ የሚተርፈውን ብቻ ታፈስ ይሆናል፤ ለእርሷ መዝጊያን የሚያጠብቅ ክኒን መስጠት የፍሳሽ በሩን ዘግቶ ግድቡን መሙላት ነው። ከቡችላነቷ ጀምሮ የምታንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ከኩላሊት የሚወርደው ቱቦ ፊኛውን አልፎ ከመዝጊያው በታች ተገጥሞ ሊሆን ይችላል፤ በሃስኪና በጎልደን ሪትሪቨር ዝርያዎች ይህ ይታወቃል። እንዲህ ያለችው ውሻ ዘመኗን ሙሉ ክኒን ብትውጥ አይጠቅማትም። አሁን ግን በኢንዶስኮፕ አይቶ፣ በአንዳንዶቹም ላይ በሌዘር ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል።

መድኃኒት ለማያደርቃቸው ውሾች የመጣው የመጨረሻው መፍትሔ የእኛው ሙያ ዘመድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሽንት ሐኪሙ ስኮት፣ የነርቭ ሐኪሙ ብራድሊና መሐንዲሱ ጄራልድ ቲም ለሰው ሰው ሠራሽ መዝጊያ ሠርተው ነበር፤ ይኸውም ታካሚው በእጁ በሚጫነው ፓምፕ የሚሠራ ነው። ውሻ ፓምፕ አትጫንም። ስለዚህ ከ2004 ጀምሮ ለውሻ የተሞከረው መሣሪያ ቀለል ያለ ነው፤ በመውጫው ቱቦ ዙሪያ የሚቀመጥ የሲሊኮን ቀለበት፣ ከእርሱ የሚነሣ ቀጭን ቱቦና ከቆዳ ሥር የሚቀበር መርፌ መቀበያ አለው። ቀለበቱ ቱቦውን ፈጽሞ አይዘጋም፤ ፊኛው በራሱ ኃይል ሲጨመቅ ሽንቱ እንዲያልፍ ሆኖ መቋቋሚያ ብቻ ይጨምራል። ቁስሉ እስኪሽር ጥቂት ሳምንታት ባዶ ይተዋል፤ አንዳንዶቹም ባዶውን እያለ ይደርቃሉ። ካልደረቀች ሐኪሙ በቆዳዋ በኩል የጨው ውኃ በሚሊሊትር ክፍልፋይ እየጨመረ ያጠብቀዋል፤ ለመሽናት ማማጥ ከጀመረች ያወጣለታል። ቱቦው ጠብቦ የተዘጋባቸውና ቀለበቱ እንዲወጣ የተደረገላቸው ውሾች ስላሉ፣ ሐኪሞቹ ወደዚህ የሚሄዱት ክኒኑ ተሞክሮ ሳይበቃ ሲቀር ነው።