ቴምርና የጣፋጭ ልክ

የፋብሪካ ስኳር ከመስፋፋቱ አስቀድሞ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ሕዝብ አፍ ከሚያጣፍጡት አንዱ ቴምር ነበር። ከባስራና ከመስቀጥ የሚነሡ የሸራ መርከቦች ቴምር ጭነው፣ የሰሜን ምሥራቁን ነፋስ ተከትለው እስከ ሞቃዲሾ፣ ላሙና ዛንዚባር ይዘልቁ ነበር።

በሜሶጶጣሚያ ከቴምር ሽሮፕ ማውጣት ጥንታዊ ልማድ ነው። ይኸው ሽሮፕ ዛሬ «የስኳር ምትክ» እየተባለ ይሸጣል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ሽሮፕ፣ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ከስኳር ጋር አብረው ይቆጠራሉ፤ ድምራቸውም ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል። ሙሉው ፍሬ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ፋይበር የተባለው ቃጫው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያልና። ሆኖም ከደረቅ ቴምር ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ስለሆነ፣ የስኳር ሕመምተኛ ልኩን ሊያውቅ ይገባዋል።

የጥንቱ መርከበኛ ጭነት ፍሬው ራሱ ነበር፤ የጤና ጥቅሙም የሚገኘው በዚያው በፍሬው ነው።