የአሸጎዳ ነፋስና የቁልፉ ባለቤት

ከመቀሌ ብዙም ሳይርቅ፣ አሸጎዳ በሚባለው ከፍታ ላይ 84 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። ጣቢያው ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። በወቅቱም ከሰሃራ በታች ትልቁ እየተባለ ተነግሮለታል። ወጪው 210 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን ገንዘቡ ከፈረንሳይ በብድር ተገኘ። ሥራውንም የያዘው ቨርኜ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ። በትግራይ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። መቀሌ ከብሔራዊው የኃይል ቋት ጋር በዘላቂነት የተገናኘችው ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ ከወር በኋላ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይነሳል፤ ነፋሱ እየነፈሰ፣ ማማዎቹም ደጅ ቆመው ከተማዋ ለምን ጨለመች?

አንዱ መልስ ፖለቲካ ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሌላው ግን ብዙም አይወራም። የዚያ ዘመን የነፋስ ተርባይኖች የሚሠሩት ቋቱን ተደግፈው ነው። ቮልቴጁንና ድግግሞሹን የሚያስጠብቅ ሌላ ኃይል መስመሩ ላይ ከሌለ፣ ነፋሱ ምንም ያህል ቢበረታ ለብቻቸው ከተማ አያበሩም። ይህን ሥራ የሚችለው እንደ ተከዜ ያለ የውኃ ኃይል ነው፤ እዚያ የውኃውን መጠን እየጨመሩና እየቀነሱ ፍላጎትን መከተል ይቻላል። ስለዚህ ማመንጫ በቅርብ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛው ጉዳይ ዕውቀት ነው። ከ84ቱ ተርባይኖች 30ዎቹ ባለ ሁለት ክንፍ የቨርኜ ሥሪት፣ 54ቱ ደግሞ ባለ ሦስት ክንፍ የአልስቶም ሥሪት ናቸው። የአልስቶም የኃይል ዘርፍ በ2008 ዓ.ም. ለአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተሸጠ። ቨርኜ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ዕዳው ከብዶት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ። ጣቢያው በተመረቀ በአራት ዓመት ውስጥ የሁለቱም ማሽኖች ሠሪዎች ያሉበት ሁኔታ ተለወጠ ማለት ነው። የተርባይን አንጎሉ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ነው። ሶፍትዌሩ የተቆለፈ ከሆነ ባለቤቱ ማማውን እንጂ ማሽኑን አልገዛም።

የኦፕን ሶርስ ክርክር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በስኮትላንድ ስኮሬግ በተባለች፣ የመብራት መስመር ባልደረሰባት መንደር ሂው ፒጎት የሚባል ሰው ትንሽ የነፋስ ተርባይን በእጅ የሚሠራበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ጽፎ ለሌሎች አካፈለ። ክንፉ ከእንጨት ይጠረባል፣ ጥቅልሉ በእጅ ይጠመጠማል፣ መሽከርከሪያው ከመኪና ጎማ ይወሰዳል። በብዙ አገሮች ሰዎች ሠርተውታል፤ ሲበላሽም ራሳቸው ይጠግኑታል።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ ቤት ወይም ጤና ኬላ ያበራ ይሆናል እንጂ አሸጎዳን አይተካም። ኦፕን ሶርስ ማለትም ነጻ ዕቃ ማለት አይደለም፤ ሠልጥኖ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ትምህርቱ ግን ለትልቁም ይሠራል። ነገ አዲስ የኃይል ውል ሲፈረም ከሜጋ ዋቱና ከወለዱ እኩል መጠየቅ ያለበት ንድፉ፣ የሶፍትዌሩ ቁልፍና የመለዋወጫው ዝርዝር ለማን ይሰጣል የሚለው ነው። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነር ያስመርቃል፤ አሸጎዳም ደጁ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የጎደለው ድልድይ ውል ላይ የሚጻፍ አንድ አንቀጽ ሊሆን ይችላል።

ነፋስን ማንም አይዘጋውም፤ የሚዘጋው መስመሩና ዕውቀቱ ነው።