የንጥረ ነገር ልየታ በትምህርት ቤት ኬሚስትሪ፦ ከጣርማ በር ድንጋይ እስከ አፋር ጨው

የንጥረ ነገር ልየታ፣ በሌላ ስሙ ዓይነታዊ ትንተና፣ አንድ ቁስ ምን ምን እንደያዘ በሙከራ የሚታወቅበት የኬሚስትሪ ክፍል ነው። ስንት እንደያዘ መለካት የመጠናዊ ትንተና ሥራ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልየታው የሚካሄደው ዓይን በሚያያቸው ምልክቶች ነው፦ በቀለም ለውጥ፣ በሚወጣ ጋዝ፣ በቱቦው ሥር በሚረጋ ዝቃጭ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሙከራን በስክሪን ለብዙ ተማሪዎች አሳይቷል። ይሁንና ጠብታውን ራሱ ያልጨመረ ተማሪ ምልክቱን ከቀለም ስም ባለፈ አያውቀውም። ለዚህ ሥራ የሚሆን ቁስ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ከደጅ ይገኛል።

ጣርማ በር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ካለፈ በኋላ ደብረ ሲና ሳይደረስ የሚገኝ ከፍተኛ መተላለፊያ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያልፋል። ጂኦሎጂስቶችም አንዱን የኢትዮጵያ የባዛልት ክፍል በዚሁ ስፍራ ስም የጣርማ በር ባዛልት ይሉታል። በእንዲህ ያለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጋዝ የተወው ጉድጓድ ኋላ በነጭ ማዕድን ተሞልቶ ይታያል። ነጩ ምንድን ነው? የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ከተንተከተከ ካርቦኔት ነው፤ በአብዛኛው ካልሳይት። ዝም ካለ ዚዮላይት ወይም ሲሊካ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁሩ ባዛልት ራሱም ዝም ይላል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ የሚረጋገጠው በኖራ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን እንደ ወተት በማደፍረሱ ነው። ጋዙ ማለፉን ከቀጠለ ድፍርሱ መልሶ ይጠራል፤ ዝቃጩ ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ተቀይሯልና።

ከካልሳይት ጋር በቀላሉ የሚምታታው ጀሶ ነው። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ በአሲድ አይንተከተክም። ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል። ብዙ ሰው ዱቄቱ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ አድርጎ አረፋ ሲያጣ ንጹሕ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል፤ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ዱቄቱን በተጣራ ውሃ በጥብጦ ማጥለል፣ በተጠለለው ፈሳሽ ላይ ጥቂት የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መጨመር፣ ከዚያ ባሪየም ክሎራይድ ጠብ ማድረግ ነው። አሲዱ የማያሟሟው ነጭ ዝቃጭ ሰልፌት መኖሩን ያሳያል። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ የራሱ ሰልፌት ሊኖረው ስለሚችል፣ ንጹሕነቱ በታወቀ ዱቄት ተመሳሳይ ሙከራ ጎን ለጎን መሥራት ግድ ነው። የካልሲየም ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጤፍ ራሱ ካልሲየም አለው። ባሪየም ክሎራይድ መርዛማ በመሆኑም የተፈተሸው ናሙና ለሰውም ለከብትም አይሰጥም።

ጨው የአንድ ምልክት ማስረጃ ምን ያህል እንደሚያንስ በደንብ ያሳያል። ከአንኮበር ግርጌ ያለው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፋር በግመል የመጣ ጨው የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ከደናክል ዝቅተኛ ስፍራ የሚገኘው ግን የምግብ ጨው ብቻ አይደለም፤ ዳሎል የፖታሲየም ክሎራይድም ክምችት አለው። ሁለቱም ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለቱም በውሃ ይሟሟሉ፣ ለሁለቱም ሲልቨር ናይትሬት ሲጨመር ያው ነጭ የክሎራይድ ዝቃጭ ይወርዳል። የሚለያቸው ነበልባል ነው። በአሲድ የጸዳ የኒክሮም ሽቦ ናሙናውን ነክቶ እሳት ውስጥ ሲገባ ሶዲየም ደማቅ ቢጫ፣ ፖታሲየም ፈዛዛ ሐምራዊ ይሰጣል። ከእጅ ላብ የመጣ ጥቂት ሶዲየም እንኳ ሐምራዊውን ስለሚሸፍን በሰማያዊ የኮባልት መስታወት ማየት ያስፈልጋል። በዚሁ መንገድ ካልሲየም የሸክላ ቀይ፣ መዳብ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ያሳያል።

የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያዛል። ምክንያቱ በደጋው አገር በብዛት የሚታየው እንቅርት ነው። አዮዲኑ የሚጨመረው በፖታሲየም አዮዴት መልክ ስለሆነ ስታርች ብቻ ቢንጠባጠብበት ቀለም አይመጣም። ስታርች፣ ፖታሲየም አዮዳይድና ጥቂት አሲድ አብረው ሲጨመሩ አዮዴቱ ነጻ አዮዲን ያወጣል፤ ጨውም ሰማያዊ ይሆናል። ርካሽ፣ ፈጣንና ለቤተሰብ ጤና በቀጥታ የሚጠቅም ስለሆነ በየትምህርት ቤቱ መሠራት ያለበት ሙከራ ይህ ነው።

የመፍሊያ ነጥብም መለያ ነው፤ ግን ከፍታን ይከተላል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ንጹሕ ውሃ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሞላ ይፈላል፤ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 96 ይጠጋል። መማሪያ መጽሐፉ ያሰፈረው 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ይህን ያልተነገረው የደጋ ተማሪ ንጹሑን ውሃ ቅይጥ ነው ሊል ይችላል።

በመፍሊያ ነጥብ ልዩነት የሚሠራው የአረቄ አወጣጥ ነው፤ ኤታኖል በባሕር ጠለል 78 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ ሜታኖል 65 አካባቢ ይፈላል። ክብሪት ሲነካው የሚነድ አረቄ አልኮሉ ብዙ መሆኑን ይናገራል እንጂ መርዛማው ሜታኖል አለመኖሩን አይናገርም። አዮዲንና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከኤታኖል ጋር ሽታው የሚታወቅ ቢጫ ዝቃጭ ሲሰጡ ከሜታኖል ጋር አይሰጡም። ሆኖም ሁለቱ በተቀላቀሉበት መጠጥ ቢጫው ከኤታኖሉ ስለሚመጣ ይህም ሙከራ ሜታኖሉን አያጋልጥም። እንዲህ ያለው ናሙና ጋዝ ክሮማቶግራፊ ወዳለው ቤተ ሙከራ ይላካል።