በቤት የሚሠሩ አነቃቂ ዕፆችን በመርፌ መውሰድ

በቤት የሚሠሩ አነቃቂ ዕፆችን በመርፌ መውሰድ ማለት ከመድኃኒት ቤት ከሚሸጡ የጉንፋን መድኃኒቶች በየቤቱ የሚዘጋጁ ፈሳሾችን ወደ ደም ሥር መውጋት ማለት ነው። ልማዱ በተለይ በቀድሞዋ ሶቪየት ሕብረት ሥር በነበሩ አገሮችና በቼክ ሪፐብሊክ ይታወቃል። የጤና ባለሙያዎችን የሚያሳስበው ዕፁ ብቻ አይደለም። ሲሠራ ውስጡ የሚቀረው መርዝና ተጠቃሚዎች ተሰብስበው የሚከፋፈሉበት መንገድ አንዳንዴ ከዕፁ የባሰ ጉዳት ያደርሳሉ።

ዓይነቶቹና ስሞቻቸው

ከእነዚህ ዕፆች አንዱ ወገን ሜታምፌታሚን ነው። ይህ ዕፅ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን «ፐርቪቲን» በሚል የንግድ ስም በኪኒን መልክ ይሸጥ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ለወታደሮች ታድሏል። በ1970ዎቹ በቼኮስሎቫኪያ በየቤቱ መሠራት ሲጀምር የድሮውን ስም እንደያዘ ቀረ። ሩሲያኛ ተናጋሪዎች በቤት የሚሠራውን «ቪንት» ይሉታል።

ሁለተኛው ወገን የካቲኖን ዘመዶች ናቸው። ካቲኖን በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው። የቅርብ ዘመዱ ሜትካቲኖን፣ በሌላ ስሙ ኤፌድሮን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ የተሠራው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። በሩሲያና በአካባቢዋ «ጄፍ» ይባላል። በዩክሬን የወደብ ከተማ በኦዴሳ ደግሞ «ቦልቱሽካ» የሚባል ተመሳሳይ ፈሳሽ አለ፤ ቃሉ በሩሲያኛ ተናውጦ የተዘጋጀ ነገር ማለት ነው።

ዝምድናው ግን ጫትንና ኤፌድሮንን አንድ አያደርጋቸውም። ጫት ሲቃም ካቲኖኑ በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል፤ በመርፌ የተወጋው በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ከዚህ ቀጥሎ የተገለጸው የነርቭ ጉዳትም የሚመጣው ከካቲኖን ሳይሆን ከአሠራሩ ነው።

የማንጋኒዝ መመረዝ

ኤፌድሮን በየቤቱ ሲሠራ ማንጋኒዝ ያለበት ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ማንጋኒዙም ከፈሳሹ ሳይወጣ ይቀራል። ማንጋኒዝ ሰውነት በጥቂቱ የሚፈልገው ማዕድን ነው። ከምግብ ጋር ሲገባ አንጀት ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል፤ ጉበትም ትርፉን በሐሞት በኩል ያስወግዳል። መርፌ ግን የአንጀትን መከላከያ አልፎ በቀጥታ ደም ውስጥ ይጨምረዋል።

በሽታው አዲስ አይደለም። በ1837 እ.ኤ.አ. ኩፐር የተባለ ሐኪም በስኮትላንድ የማንጋኒዝ ማዕድን በሚፈጩ ሠራተኞች ላይ አይቶ ጽፎታል። ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» በላትቪያ 23 የኤፌድሮን ተጠቃሚዎችን የመረመረ ጥናት አወጣ። የመጀመሪያው የነርቭ ምልክት የታየባቸው በአማካይ 6 ዓመት ገደማ ከተጠቀሙ በኋላ ነበር። ሃያ ሦስቱም አካሄዳቸው ተበላሽቶ ወደ ኋላ መራመድ ተቸግረዋል፤ 11ዱ በየቀኑ ይወድቁ ነበር። 21ዱ ድምፃቸው ደክሟል፤ አንዱም መናገር አቁሟል። በወቅቱ ዕፁን ይወስዱ በነበሩት ደም ውስጥ በሊትር በአማካይ 831 ናኖሞል ማንጋኒዝ ተገኝቷል፤ ጤናማው መጠን ከ209 በታች ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የማሰብ ችሎታቸው እንደቀነሰ የተናገረ አለመኖሩ ነው። ሰውየው በእጁና በእግሩ ላይ የሚደርሰውን ሁሉ እያወቀ ይኖራል። አንዳንድ ሕመምተኞች ተረከዛቸውን አንሥተው በጣቶቻቸው እንደ አውራ ዶሮ ይራመዳሉ።

ምልክቶቹ የፓርኪንሰን በሽታ ቢመስሉም የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓ እምብዛም አይረዳም፤ የተጎዳው በዋናነት ግሎቡስ ፓሊዱስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነውና። በኤምአርአይ ምስል ይህ ክፍል ደምቆ ይታያል። ዕፁ ከቆመ በኋላ ድምቀቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የአካል ጉዳቱ ግን አይመለስም።

ተላላፊ በሽታዎች

አነቃቂ ዕፆች ስሜታቸው ቶሎ ስለሚያልፍ ሰዎች ያለ እንቅልፍ በቀን ብዙ ጊዜ ይወጋሉ። ፈሳሹ የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ሲሆን ሁሉም ከአንድ ዕቃ ይቀዳሉ፤ ወይም በአንድ ሲሪንጅ ተለክቶ በየሰው ሲሪንጅ ይገለበጣል። ስለዚህ የራሱን አዲስ መርፌ የያዘ ሰው እንኳ ከጋራው ዕቃ፣ ከውኃው ወይም ከማጣሪያው ሊያዝ ይችላል። በቤተ ሙከራ በተደረጉ ሙከራዎች የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በሲሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን፣ ኤችአይቪ ደግሞ እስከ 42 ቀን ሕያው ሆኖ ተገኝቷል። ከላትቪያዎቹ 23 ሕመምተኞች ሁሉም ሄፓታይተስ ሲ፣ 20ዎቹ ደግሞ ኤችአይቪም ነበረባቸው።

መከላከልና ሕክምና

ኤፌድሪንና ሱዶኤፌድሪን በ1988ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ብዙ አገሮችም ያለባቸውን የጉንፋን መድኃኒቶች ሽያጭ ገድበዋል። ቁጥጥሩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ መድኃኒት ሲጠፋ ሠሪዎቹ ወደ ሌላው ይዞራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ንጹሕ መርፌና ሲሪንጅ ማደልን ይመክራል። ለዚህ ወገን ተጠቃሚዎች ከመርፌው ጋር የየግል መቀላቀያ ዕቃ፣ ንጹሕ ውኃና ማጣሪያ መስጠትም ያስፈልጋል። ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን በምትክነት ይሰጣል፤ ለአነቃቂ ዕፆች ግን እንደዚያ ተቀባይነት ያገኘ ምትክ መድኃኒት የለም። የተሻለ ውጤት ያሳየው በምርመራ ከዕፁ መራቃቸው ለተረጋገጠ ሰዎች ትንንሽ ሽልማት የሚሰጥ የምክር ሕክምና ነው። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰዱ ኪኒኖች ከመቶ 95 በሚበልጡት ላይ ይድናል። የማንጋኒዙን ጉዳት የሚመልስ ሕክምና ግን እስካሁን አልተገኘም። በመሆኑም አካሄዱ የተበላሸና ድምፁ የደከመ ወጣት ወደ ሐኪም ሲመጣ፣ ዕፅ በመርፌ ወስዶ እንደሆነ ሳይወቅሱ መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ነው።